ካሽ ሬጅስተር፣ የባንክ ማሽንና የሱቅ ሲስተም፦ ሚኒ ማርኬት ልትከፍት ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰሚት አካባቢ ሚኒ ማርኬት ልትከፍቺ ነው። ካሽ ሬጅስተር ገዝተሻል። ባንኩም የካርድ ማሽን ሰጥቶሻል። አሁን አንድ ባለሙያ መጥቶ «ፖስ ሲስተም ያስፈልግሻል» አለሽ። አንቺም «ሁለት ማሽን እያለኝ ሦስተኛው ምን ሊሠራልኝ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነበርኩ፣ ከዚያ ወደ ስቶር ገባሁ፣ አሁን የራሴን ሱቅ ነው የማሠራው። የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። እኛ አገር «ፖስ» የምንላቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ካሽ ሬጅስተሩ ለግብር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139 ነው ግዴታ ያደረገው። ውስጡ የማይሰረዝ ማህደረ ትውስታ አለ። የቀኑን ሽያጭ ዜድ ሪፖርት (የቀኑ ሽያጭ ማጠቃለያ ወረቀት) አውጥተሽ ትዘጊያለሽ፤ መረጃው ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይደርሳል። ዛሬ ስንት ብር እንደሸጥሽና ቫቱ ስንት እንደሆነ በደንብ ይነግርሻል። መደርደሪያው ላይ ስንት ፓስታ እንደቀረ ግን አያውቅም። የዕቃ ስም መዝግቦ መያዝ ይችላል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በስንት ተገዛ ለማለት ግን አልተሠራም።

የባንኩ ማሽን ደግሞ ከደንበኛው ካርድ ወደ አንቺ ሂሳብ ገንዘብ ያስተላልፋል፤ በቃ። ምን እንደተሸጠ አያውቅም።

ሦስተኛው ነው ባለሙያው ሊሸጥልሽ የመጣው። ኮምፒውተር፣ ባርኮድ ስካነርና የዕቃዎችሽ ዝርዝር ያለበት ሶፍትዌር። የሱቁ መዝገብ ማለት እሱ ነው።

አሠራሩን በአንድ ፓስታ ላሳይሽ። ካሸሯ ፓስታውን ስካነሩ ፊት ታደርጋለች። ስካነሩ መስመሮቹን አንብቦ 13 አኃዝ ያወጣል፤ ልክ ሰው በኪቦርድ ጽፎ ኢንተር እንደመታ ነው። ካላመንሽኝ ባዶ ኖትፓድ ክፈቺና አንድ ዕቃ አስነብቢ፣ ቁጥሩ ይጻፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ ባርኮዱ ውስጥ ዋጋ የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልነበረም። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ የምትባል ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በካሸር የተነበበው የማስቲካ ፓኬት ራሱ ዋጋው የመጣው ከሱቁ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ዋጋው ያለው አንቺ በመዘገብሽው ዝርዝር ውስጥ ነው። መደርደሪያው ላይ አዲስ ዋጋ ለጥፈሽ ሲስተሙ ላይ ካልቀየርሽ፣ ደንበኛው ካሸር ጋ ደርሶ ይጣላል። እሱ ደግሞ ትክክል ነው።

በሚዛን የሚሸጥ ነገር ካለሽ፣ ለምሳሌ ምስር ክክ፣ ሚዛኑ የራሱን ባርኮድ ያትማል። 2000017012506 የሚል ቁጥር ወጣ እንበል። የመጀመሪያዎቹ 20 «ይህ የሱቁ የውስጥ ኮድ ነው» ማለት ነው። 00017 ምስር ክክ ነው። 01250 ደግሞ 1,250 ግራም፣ ማለትም ኪሎ ከሩብ። የመጨረሻዋ 6 ስካነሩ በትክክል ማንበቡን የሚያረጋግጥባት ናት፤ ከፊቷ ካሉት ቁጥሮች ተሰልታ ነው የምትወጣው። ሚዛኑና ሶፍትዌሩ ይህን አከፋፈል እኩል ካልተረዱት ግን አንድ ኪሎ ምስር በሌላ ዕቃ ዋጋ ይሸጣል። ሲተከልልሽ ቆመሽ አስሞክሪ።

ፓስታው ሲነበብ ሲስተሙ ዋጋውን ይደምራል፤ ሲከፈል ደግሞ ከስቶክ (ሱቁ ውስጥ ካለው የዕቃ ብዛት) አንድ ይቀንሳል። የሰዓቱንና የካሸሯንም ስም ይይዛል። ደረሰኙ ሲታተም መሳቢያው ይከፈታል። በነገርሽ ላይ መሳቢያውን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተሩ ነው። መሳቢያው እምቢ ካለሽ ኮምፒውተሩን ከመውቀስሽ በፊት ከፕሪንተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ እዪ።

እስከዚህ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ የሚያየውም ይሄንኑ ነው። ሲስተሙ እውነት የሚናገረው ወይም የሚዋሸው ግን ከካሸሩ ጋ ሳይሆን ዕቃ በሚገባበት በር ላይ ነው። ይሄን እኔ ገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ሱቄን በከፈትኩ በሁለተኛው ወር አከፋፋዩ 10 ካርቶን ብስኩት አመጣ። አንዱ ካርቶን 24 ፍሬ አለው፣ የተገዛው በ480 ብር ነው። የሚረከበው ልጅ ሲስተሙ ላይ «10» ብሎ መዘገበ፣ የመግዣ ዋጋውንም «480» አለ። እኛ የምንሸጠው በፍሬ ነው፣ በ25 ብር። 38 ፍሬ እንደተሸጠ ስቶኩ «‑28» ይላል። መደርደሪያው ግን ሙሉ ነው። የትርፍ ሪፖርቱ ደግሞ በአንድ ፍሬ 455 ብር ኪሳራ፣ በድምሩ 17,290 ብር ከሠርን ብሎ አወጣ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ልጁ ሰርቆኛል ብዬም ጠረጠርኩት፤ እስካሁን ይጸጽተኛል። ችግሩ ግን ካርቶንና ፍሬ ብቻ ነበር፤ መመዝገብ የነበረበት 240 ፍሬ፣ የአንዱ መግዣም 20 ብር ተብሎ ነው። አሁን ማንም ሰው ሱቄ ውስጥ ዕቃ ሲረከብ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ፍሬውን ቆጥሮ፣ ከአከፋፋዩ ደረሰኝ ጋር አመሳክሮ ነው የሚመዘግበው። ደህና ሶፍትዌር «1 ካርቶን = 24 ፍሬ» ብለሽ አንዴ እንድትነግሪው ይፈቅድልሻል።

ለስላሳ መጠጥ የምትሸጪ ከሆነም ባዶ ጠርሙሱንና ሳጥኑን እንደ ራሱ ዕቃ አስመዝግቢ። መጠጡ ተሽጦ ትርፍ ያሳያል፤ ጠርሙሱ ግን ሳይመለስ ይቀራል። ብዙ ሱቅ በዚህ በኩል ነው የሚፈሰው።

ስለ ሒሳብም ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። በ100 ብር ገዝተሽ በ125 ስትሸጪ በመግዣው ላይ 25 በመቶ ጨመርሽ፤ ከሽያጩ ግን ትርፍሽ 20 በመቶ ነው። ሶፍትዌሩ የትኛውን እንደሚያሳይሽ ጠይቂ። ቫት ተመዝጋቢ ከሆንሽ ደግሞ መደርደሪያው ላይ 115 ብር ከተለጠፈው ዕቃ ውስጥ 15ቱ የአንቺ አይደለም። 15 በመቶውን ከ115 ላይ እየቀነሱ ሲያሰሉ የማያቸው ነጋዴዎች አሉ፣ ስህተት ነው። ከቫት ነፃ የሆኑትን ዕቃዎች ሂሳብ ሠራተኛሽ ለይቶ ይስጥሽ፤ ሲስተሙ ላይ ገና ስትመዘግቢ ምልክት ይደረግባቸው።

አሁን ስለ ካሸሮች። እባክሽ ለእያንዳንዷ የራሷን የይለፍ ቃል ስጫት። ይሄን የምልሽ ልጆቹን እንድትጠረጥሪ አይደለም። እኔ ካሸር በነበርኩበት ሱፐርማርኬት ሦስት ሰዎች በአንድ የይለፍ ቃል እንሠራ ነበር። አንድ ማታ መሳቢያው ሲቆጠር ጉድለት ተገኘ። ማን እንደሆነ ማወቅ ስላልተቻለ ለሦስታችንም ከደሞዛችን ተቆረጠ። የዚያን ወር የቤት ኪራዬን በብድር ነው የከፈልኩት። ሽያጭ የሰረዘው፣ ዋጋ የቀነሰው፣ መሳቢያ ያለ ሽያጭ የከፈተው ማን እንደሆነ በስም ሲመዘገብ ንጹሑ ሰው ይድናል። ፈረቃ ሲቀየርም መሳቢያው ሁለቱም ባሉበት ይቆጠር።

ክፍያ ሲመዘገብ ጥሬ ገንዘብ፣ ካርድ፣ ቴሌብርና የባንክ ዝውውር ለየብቻቸው ይያዙ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ እኔ ሱቅ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ሰው በጣም ቀንሷል። ማታ ድምሩ ብቻ ቢገጥም አይበቃም፣ እያንዳንዱ ከየራሱ ሂሳብ ጋር መግጠም አለበት። ደንበኛው «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ስላሳየ ብቻ ዕቃ አይለቀቅ። የተሠራ ስክሪንሾት እኔም ደርሶኛል። የሱቁ ስልክ ላይ መልእክቱ ሲገባ ብቻ ነው «ተከፍሏል» የሚባለው። የሠፈር ሰው ዱቤ ከወሰደም በስሙ ሲስተሙ ላይ ይግባ፣ ደብተር ላይ ብቻ አይቅር።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ይግዛ ወይስ አይግዛ? ሁለት መቶ ዓይነት ዕቃ ያላት፣ አንቺ ራስሽ የምትቆሚባት ሱቅ ብትሆን ካሽ ሬጅስተርና ደብተር ይበቁሻል እል ነበር። አንቺ ግን ሁለት ካሸርና ከሺህ በላይ ዓይነት ዕቃ ነው የጻፍሽው። ግዢ። ያውም አሁን፣ ዕቃው ከካርቶን ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ሳይደረደር። ሱቅ ከተከፈተ በኋላ መመዝገብ ሦስት እጥፍ ድካም ነው።

ከመክፈልሽ በፊት ግን ሶፍትዌሩ ከገዛሽው ካሽ ሬጅስተር ጋር ይነጋገር እንደሆነ እወቂ። ካልተነጋገረ ካሸሯ ሁሉንም ሽያጭ ሁለት ጊዜ ልትመታ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰልፍ ሲረዝም አንዱን ትተወዋለች። ሲስተሙን ከተወችው ስቶክሽ ይበላሻል፤ ካሽ ሬጅስተሩን ከተወችው ደግሞ ያለ ደረሰኝ ሸጥሽ ማለት ነው፣ ቅጣቱ ያንቺ ነው። ካልተገናኙ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚሠራ ፊስካል ፕሪንተር (እንደ ካሽ ሬጅስተሩ የግብር ደረሰኝ የሚያትም ፕሪንተር) አዋጭ ሊሆን ስለሚችል ዋጋ አጠያይቂ።

ባለሙያው ሲመጣ ዓይንሽ እያየ እነዚህን ያሠራልሽ። አንድ ካርቶን ያስገባና በፍሬ ይሽጥ። የተሸጠ ዕቃ ይመልስ፤ ደረሰኝ አንዴ ከታተመ ስለማይሰረዝ፣ ተመላሹ በራሱ ደረሰኝ መውጣት አለበት፣ ስቶኩም መጨመር አለበት። ኢንተርኔቱን ነቅሎ ይሽጥ። ከዚያ የዕቃ ዝርዝርሽን በሙሉ ወደ ኤክሴል አውጥቶ ፍላሽ ላይ ይስጥሽ። የመጨረሻውን «አይቻልም» ካለሽ አትግዢ። የእኔ ኮምፒውተር ዲስኩ ሲቃጠል መጠባበቂያው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነበር። 2,300 ዕቃ በዘጠኝ ሌሊት እንደገና መዘገብን። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከመጀመሪያው ቀን ይኑርሽ፣ መብራት ሽያጭ መሀል ላይ ሲሄድ ነው መዝገብ የሚበላሸው።

ከከፈትሽ በኋላ በየቀኑ አንድ መደርደሪያ ብቻ ቁጠሪ። ዛሬ ሳሙና፣ ነገ ዘይት። ዓመቱን ጠብቀሽ ሱቁን ዘግተሽ ስትቆጥሪ ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

የምጠቀምበት የዕቃ መረከቢያ ኤክሴል አለኝ፣ ካርቶንና ፍሬን ለይቶ የሚያሰላ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።