«ጌም ውስጥ ደግሞ ምን ታሪክ አለ?»

ባለፈው ወር ስለ ጌም አንድ አጭር ጥያቄ መልሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ «ልጄን ከስክሪን አላቅልኝ» የሚል ነው፤ እሱ የኔ ሙያ አይደለም፣ ለሌላ ዓምድ አስተላልፌዋለሁ። ስለ ጌም ታሪክ ከጠየቃችሁኝ ውስጥ አራቱን ዛሬ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ «ያኔ የት ነበርን?» እንዳትሉኝ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ጌም ላይ ያመሻል። ባለፈው ሳምንት ሻይ ላደርስለት ስገባ ጆይስቲኩን እንደያዘ እንባው ይወርዳል። ደንግጬ «ምን ሆንክ?» ስለው «ተይኝ እስቲ፣ ወንድምየው ሞተ» አለኝ። ለካርቱን ይለቀሳል እንዴ? ጌም ማለት ለኔ ኳስና ተኩስ ነበር። (ግራ የገባት እህት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ፣ ወንድምሽ ደህና ነው። የጌሙን ስም አልጻፍሽልኝም፤ ግን «ወንድምየው ሞተ» ካለ እኔ የምጠረጥረው «ብራዘርስ፦ ኤ ቴል ኦፍ ቱ ሰንስ» የተባለውን ነው። በ2013 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ፋሬስ ቤይሩት ተወልዶ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በልጅነቱ ስዊድን የገባ ሰው ነው፤ ወደ ጌም የመጣውም ከፊልም ሥራ ነው። ጌሙን ልትጫወቱት ያሰባችሁ ይህን መልስ ዝለሉት፣ መጨረሻውን ልናገር ነው።

ታሪኩ ሲነገር ተራ ነው። አባት ታሟል። ሁለት ወንድማማቾች መድኃኒት ፍለጋ ሩቅ አገር ይሄዳሉ። እናታቸው ውሃ ወስዷታል፤ ትንሹም ዓይኑ እያየ ነው የሰመጠችው። ስለዚህ ውሃ ይፈራል። ወንዝ ሲመጣ ታላቁ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሻገረው። እንዲህ ያለ ተረት አያቴም ታውቃለች።

ልዩ የሚያደርገው ጆይስቲኩ ነው። ሁለቱንም ልጆች የምትነጂያቸው አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ በአንድ ጊዜ። የግራ እጅሽ ታላቁ ነው፣ የቀኝ እጅሽ ታናሹ። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ አንዱ ግድግዳ ሲገጭ ሌላው ገደል ጫፍ ይደርሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን እጅሽ ይለምደዋል። የግራ አውራ ጣትሽ ታላቅ ወንድም ይሆናል፤ ሳታስቢው።

ከዚያ ታላቁ ይሞታል። የሚቀብረውም ታናሹ ነው፣ ማለትም አንቺ። አፈሩን ራስሽ ነሽ የምትገፊበት። ጌሙ እዚህ ላይ ፊልም አያሳይሽም፤ ቁልፉን እስክትጫኚ ዝም ብሎ ይጠብቅሻል። ከቀብሩ በኋላ ስትንቀሳቀሺ የግራ እጅሽ ሥራ የለውም። ጆይስቲኩ ግማሹ ሞቷል። እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳላውቀው በግራ ጣቴ ገፋሁት። ምንም የለም።

መድኃኒቱን ይዞ ቤቱ ሊደርስ ሲል ውሃ ይዘጋበታል። ብቻውን ነው፣ መዋኘት አይችልም። በቀኝ በኩል ያሉትን ሁሉ ብትጫኚ እምቢ ይላል፣ ወደ ኋላ ይላል። እኔ ጌሙ ተበላሸ ብዬ ላጠፋው ነበር። በመጨረሻ እንዲሁ ተስፋ ቆርጬ በግራ በኩል ያለውን፣ የሟቹን ወንድም ቁልፍ ተጫንኩት። ልጁ ወደ ውሃው ገባ። ዋኘ።

ማንም ምንም አላብራራልኝም። «ወንድሜ በውስጤ አለ» የሚል ንግግር የለም። ፊልም ይህን ሊያሳይሽ ይችል ይሆናል፤ ግን በፊልም ውስጥ ቁልፉን የምትጫኚው አንቺ አይደለሽም። ልጅ ሆነን «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» ካላልን ተረቱ አይጀመርም ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ጌም ያንን መልስ ከጣትሽ ነው የሚጠብቀው። ጥሩ የጌም ታሪክ ማለት ለኔ ይኸው ነው፤ እጅሽ የሚሠራውና ልብሽ የሚሰማው ነገር አንድ ሲሆን።

ወንድምሽን ግን አትሳቂበት። ሻዩን ሁለት አድርገሽ ግቢና አጠገቡ ተቀመጪ።

ጥያቄ፦ እኔ ጌም ውስጥ ፊልም የሚመስለው ክፍል ሲመጣ ሁሌ ስኪፕ ነው የማደርገው። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ በሰዓት እየከፈልኩ ሰው ሲያወራ ማየት ያበሳጫል። ጓደኞቼ «አንተ ታሪክ አይገባህም» ይሉኛል። ችግሩ ከኔ ነው? (ቸኳዩ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ካንተ አይደለም። በሰዓት ለሚከፍል ሰውማ ጭራሽ አይፈረድም።

ብዙ ጌሞች ሁለት ነገር በአንድ ላይ የተሰፉ ናቸው፤ ፊልም አለ፣ ተኩስ አለ፣ መሐሉ ላይ ስፌቱ ይታያል። በፊልሙ ጀግናው ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፣ ለሰው የሚያዝን ልጅ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ አንተ ይዘኸው ወጥተህ ሁለት መቶ ሰው ትረሽናለህ። ቀጥሎ ያለው ፊልም ላይ አሁንም እየሳቀ ነው! ክሊንት ሆኪንግ የተባለ የጌም ባለሙያ በ2007 «ባዮሾክ» የተባለውን ጌም ሲተች ይህን ዓይነቱን ግጭት ስም አውጥቶለታል፤ ታሪኩ የሚለውና ጨዋታው የሚያሠራህ ሲጣሉ ማለት ነው። አንተ ስኪፕ ስታደርግ ከተጣሉት መሐል አንዱን መርጠሃል፣ በቃ።

ስኪፕ የሚደረግ ነገር የሌለባቸውን ሞክር። በ1998 የወጣው «ሃፍ ላይፍ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካሜራውን ካይንህ ላይ አይነጥቅህም። ሰዎች ሲያወሩህ እንኳ አንተ ክፍሉ ውስጥ መዞር፣ ጀርባህን መስጠት ትችላለህ።

ለቸኮለ ሰው የምመርጠው ግን «ፔፐርስ፣ ፕሊስ»ን ነው። ሉካስ ፖፕ የተባለ ሰው ለብቻው ማለት ይቻላል የሠራው፣ በ2013 የወጣ፣ ሥዕሉ ደብዘዝ ያለ ጌም ነው። አርስቶትስካ በምትባል የፈጠራ አገር ድንበር ላይ ፓስፖርት ታያለህ። ሥራው እሱ ብቻ ነው! ስሙ ልክ ነው? ቀኑ አላለፈም? ፎቶው ይመስላል? ከዚያ አረንጓዴ ማኅተም ወይም ቀይ ማኅተም። የሚከፈልህ ባስተናገድከው ሰው ልክ ነው። ማታ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ይቆረጣል፤ ሚስት፣ ልጅ፣ አማትና አጎት ቤት አሉብህ። ቀኑ ካልሞላልህ ይራባሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ ይታመማሉ።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ይመጣል። ወረቀቱ የተሟላ ነው። ማኅተሙን ስትመታለት «ከኋላዬ ያለችው ባለቤቴ ናት፣ አደራ» ይልሃል። ትመጣለች። መግቢያ ፈቃድ የላትም። ትለምንሃለች። በሕጉ ከሄድክ መመለስ ነው። ካስገባሃት ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሃል፤ በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለ ቅጣት ያልፋሉ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ከደሞዝህ ይቆረጣል። አንተ ደግሞ ጠዋት አንዴ ቸኩለህ፣ ሌላ ጊዜ ፎቶ ሳታይ አልፈህ፣ የዛሬዎቹን ሁለቱን ጨርሰሃል። አሁን የሴትዮዋ ባል ከመስኮቱ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል፣ ያንተ ልጅ ደግሞ መድኃኒት ይፈልጋል።

እኛ አገር ይህን መስኮት ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ከውጭ በኩል። ወረፋ ይዘን፣ ፎቶ ኮፒ አነሰ ተብለን፣ «ነገ ተመለስ» ተብለን። ይህ ጌም ወንበሩ ላይ ያስቀምጥሃል። እኔ በሦስተኛው ቀን አካባቢ የሰው ፊት ማየት ትቼ ቁጥር ብቻ ሳይ ራሴን አገኘሁት፤ ወረፋው ሲረዝም መቆጣትም ጀምሬ ነበር። ማንም «ቢሮክራሲ ሰውን ያደነድናል» ብሎ አልሰበከኝም። እጄ ነው የደነደነው።

ጥያቄ፦ የጌም ታሪክ እየጻፍኩ ነው። የሰባት ነገሥታት ታሪክ፣ የጦርነቶቻቸው፣ የቋንቋቸው፣ 60 ገጽ ደርሷል። ኮዱን የሚጽፈው ጓደኛዬ «ማን ያነበዋል?» ብሎ ሞራሌን ነካው። ማን ነው ልክ? (ደራሲው፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላሳዝንህ ነው፤ ጓደኛህ። ግን 60 ገጹን አትቅደደው። ለራስህ ነው የጻፍከው፣ መሠረት ነው። ቤት ሲሠራ መሠረቱን ለእንግዳ አናሳይም እንጂ ያለ እሱ አይቆምም።

«ዳርክ ሶልስ»ን ተጫውተህ ከሆነ (2011)፣ የዚያ ዓለም ታሪክ ተቆራርጦ የተበተነው ሰይፍና ቀለበት ላይ በተጻፉ ሁለት ሦስት መስመሮች ነው። ዳይሬክተሩ ሂደታካ ሚያዛኪ በልጅነቱ ከአቅሙ በላይ የሆኑ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያነብ እንደነበርና ያልገባውን ክፍል በራሱ ምናብ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል። እኛስ ሕፃን ሆነን የማይገባንን ጌም እንዲሁ አይደል ስንጫወት የኖርነው? የጎደለውን ታሪክ ራሳችን እየፈጠርን፣ ለጎረቤት ልጅ እንደ እውነት እያወራን።

አንተም ከ60 ገጽህ ውስጥ አንዱን ውሰድ። «ሦስተኛው ንጉሥ ተገለበጠ፣ ስሙም እንዳይነሳ ታዘዘ» የሚል ገጽ አለህ እንበል። አትተርከው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ላይ በደንብ ለፍቶ ሳንቲም እንዲሰበስብ አድርግ። ከዚያ ገበያ ሲደርስ ነጋዴዋ አንዱን ሳንቲም ገልብጣ አይታ «ይሄማ እዚህ አይሠራም፣ ደብቀው» ትበለው። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፊት የማን እንደሆነ ራሱ ይጠይቃል። ሲናደድ፣ ያኔ ታሪክህን መስማት ይፈልጋል።

ሌላው፣ መስመሮችህን ጮክ ብለህ አንብብ፤ ደግሞ ሃያ ጊዜ። በጌም ውስጥ አንድ ጥበቃ የሚላት ነገር መቶ ጊዜ ትሰማለች። «ስካይሪም» ላይ ዘበኞቹ «እኔም እንዳንተ ጀብደኛ ነበርኩ፣ ጉልበቴን በቀስት እስክመታ ድረስ» ይላሉ። ሲጻፍ ጥሩ መስመር ነበር። ግን በየከተማው፣ በየበሩ፣ ያው ጉልበት፣ ያው ቀስት ሲሆን የኢንተርኔት ሁሉ መሳቂያ ሆነ።

«ብዙ ቃል ያላቸው ጌሞችስ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ የ2019ኙ «ዲስኮ ኢሊዚየም» ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ አለው፣ ሰውም ወዶ ያነበዋል። ግን እንዴት? ጽሑፉ በስክሪኑ አንድ ጠርዝ ላይ ቁራጭ በቁራጭ ይመጣል፤ በየመሐሉ አንተ ትመልሳለህ። ጠጥቶ ማን እንደሆነ እንኳ የረሳው መርማሪ ራስህ ነህ። በጭንቅላትህ ውስጥ 24 ችሎታዎች እንደ ዘመድ ጉባኤ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ «ጠርጥረው» ይላል፣ ሌላው «አንድ መለኪያ ብቻ» ይላል፣ የሚዋሽህም አለ። ሚሊዮኑ ቃል ታሪክ ማስተማሪያ አይደለም፣ ክርክር ነው፣ አንተም ውስጡ አለህበት። የነገሥታቱን ዝርዝር እንዲህ ማጨቃጨቅ ከቻልክ 60ም ገጽ ያንስሃል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ያለኝም ስልክ ብቻ ነው። ታሪክ ያለው ጌም ለኔ የለኝም ማለት ነው? (ባለ ስልኳ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አለሽ እንጂ። «ፍሎረንስ» የሚባል አለ፣ በ2018 ለስልክ የተሠራ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ። አንዲት ወጣት ትዋደዳለች፣ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል። ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል።

ከልጁ ጋር መጀመሪያ ሲቀጣጠሩ የምትናገረውን አንቺ ትገጣጥሚያለሽ፤ ንግግሯ እንደ ተቆራረጠ ሥዕል ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ቀን ቁርጥራጩ ብዙ ነው፣ ትደናገሪያለሽ፣ ልክ ፊቱ ተቀምጦ ቃል እንደጠፋበት ሰው። እየተግባቡ ሲሄዱ ቁርጥራጩ እያነሰ ይመጣል፣ በመጨረሻ በጣም ጥቂት ይሆንና ወሬው ይፈስሳል። ሲጣሉ ደግሞ ጠርዙ ስለታም ይሆንብሻል፣ እየተጣደፍሽ ነው የምትገጥሚው። ስትጣይ እንዲያ አይደል አፍሽ የሚፈጥነው?

«ፔፐርስ፣ ፕሊስ»ም በስልክ አለ፣ እሱ ግን ማንበብ ይጠይቃል፣ ለጊዜው ይቆይሽ። ላይ ያልኩት የወንድማማቾቹ ጌም ላይ ደግሞ ሰዎቹ የሚያወሩት ማንም የማያውቀውን የፈጠራ ቋንቋ ነው፤ እዚያ ላይ አንቺና እንግሊዙ እኩል ናችሁ። ኮምፒውተር ያለው የአክስት ልጅ ካለሽ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለምኚው፣ ሦስት አራት ሰዓት ይበቃሻል። «ፍሎረንስ»ን ግን ዛሬ ማታ ጀምሪው። የጆሮ ማዳመጫ አድርጊ፤ ሙዚቃው ግማሹን ይናገራል።