ምርጫ ሲቃረብ እንቅልፍ ላጣሽው እህቴ

ምርጫው ቀናት ሲቀሩት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሌሊቱን ቴሌግራም ላይ አነጋለሁ፣ ምን ላድርግ ብለሻል። የምትጨነቂው ስለ አገርሽ ስለምታስቢ ነው፤ ይገባኛል።

መጀመሪያ ስልኩን። ሌሊት የሚለቀቀው ወሬ አብዛኛው ያልተጣራ ነው። ማታ ዳታሽን አጥፊና ስልኩን ሌላ ክፍል አሳድሪው። ዜና በቀን አንዴ ይበቃል። ሕጉ ራሱ እኮ ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉትን አራት ቀናት ከቅስቀሳ ነፃ አድርጓቸዋል፤ የጥሞና ጊዜ ናቸው። አንቺም ተጠቀሚባቸው።

አመሻሽ ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ እዚያው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው መዝናኛ፣ ውረጂና በእግርሽ ተንሸራሸሪ። ጎረቤት ቡና ከጠራሽ ሂጂ፣ ጨዋታው ይጠቅምሻል። ሲኒውን ግን ከሰዓት በኋላ ከሆነ ዝለዪው።

ሌላው ከባድ ነገር ውጤት መጠበቅ ነው። በ2013 ዓ.ም. ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነበር፤ ምርጫ ቦርድ አጠቃላይ ውጤቱን ያሳወቀው ሐምሌ 3 ነው። ስለዚህ በማግስቱ ቁርጡን አውቃለሁ ብለሽ አትጠብቂ። የጣቢያሽ ቆጠራ ግን እዚያው ይለጠፋል፤ ሄደሽ በዓይንሽ እዪው።

የመራጭነት ካርድሽንና መታወቂያሽን ከአሁኑ አንድ ቦታ አስቀምጪ፤ አብሮሽ የሚሄድ ሰውም ቅጠሪ። ልብሽ እየመታ ምግብ አልወርድ ካለሽ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተናገሪ፣ ምርጫው እስኪያልፍ አትጠብቂ።