ቶርኖ ሠሪው ያመጣልኝ ወረቀት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጣና ዳር አስቁሞ «ጋሼ፣ የውኃ ፓምፕ ጥገና ልከፍት ነው፤ ባሕር ዳር ትበቃኛለች ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?» አለኝ። «አዲስ አበባ ይሻልሃል» ብዬው አለፍኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

በ1990 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር የከተማ ፕላን ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ቶርኖ ሠሪ፣ ብረት በማሽን የሚቀርጽ ባለሙያ፣ ቢሮዬ ገብቶ፣ ኩሽኔታ የበላው የወፍጮ ሻፍት በጋዜጣ እንደጠቀለለ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ግራሱ ካርታዬን ነካብኝና ተናደድኩ። የራሱን ቶርኖ ቤት ሊከፍት ፈልጎ ምክር ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ የ1987ቱን የሕዝብ ቆጠራ በቃሌ ይዣለሁ፦ አዲስ አበባ 2,112,737፣ ድሬዳዋ 164,851፣ ባሕር ዳር 96,140። በትምህርታችን ሁለተኛዋ ከተማ የመጀመሪያዋን ግማሽ ታህላለች ይባላል፤ የእኛዋ ሁለተኛ ድሬዳዋ ግን አንድ አሥረኛም አልሞላችም። «ብረቱም ደንበኛውም አዲስ አበባ ነው፤ አንዱ ሱቅ ያጣኸውን ጎረቤቱ ይሸጥልሃል» አልኩት። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም እውነት ነው።

እሱ ግን ከደረት ኪሱ የደብተር ወረቀት አወጣ። በባሕር ዳር ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ከተሞች፣ መራዊ፣ አዴት፣ ዳንግላ፣ ሐሙሲት፣ ወረታ፤ በየስማቸው ትይዩ የወፍጮዎቹን ቁጥር በእርሳስ ጽፏል። አየሁት እንጂ አላነበብኩትም። በወሩ ባሕር ዳርን ለቀቀ።

እኔ የቆጠርኩት ባሕር ዳር የሚያድረውን ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ መጥቶ የሚሄደውንም ቆጥሯል። ልጅ ሳለሁ ከዘጌ እንጨት ጭኖ በታንኳ የሚመጣ ሰውዬ ነበር፤ እጁ በመቅዘፊያ የሻከረ። ጨውና ላምባ ገዝቶ ሲመሽ ይመለሳል። የከተማችን ቆጠራ ውስጥ የለም፣ ገበያዋ ግን እሱ ነው። ይህን እያየሁ አድጌ እንዴት እንደረሳሁት!

እሱ ከሄደ በኋላ ስንት ባለወፍጮ ሻፍቱን በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ አሻግሮ አዲስ አበባ ልኮ፣ ወፍጮው ቆሞ ሲጠብቅ አይቻለሁ። በ1999ኙ ቆጠራ ባሕር ዳር 155,428 ደረሰች፤ ፍጥነቷ ከአዲስ አበባ በለጠ።

ለገዛ ልጄ ግን «አዲስ አበባ ሂጂ» ብያታለሁ፤ ሙያዋ የሰው ብዛት ይፈልጋል። የዛሬ ልጆች «ሂድ» ወይም «ቅር» የሚል አንድ ቃል ትወዳላችሁ፤ ለመቁጠር ግን ትዕግሥት የላችሁም።

አንተ የፓምፑ ልጅ፣ ያልኩህን ተወው። ፎገራ ውረድ። በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ ፓምፑ ቢቆምበት ስንት ቀን ይታገሣል? የት ወስዶ ነው የሚያሠራው? በየቀበሌው ስንት ፓምፕ እንዳለ ጽፈህ አምጣልኝ። አነበዋለሁ።