የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደመወዝ የሌለው የሰመር ቤዝቦል

አሜሪካ ኮሌጅ የሚማር ዘመድ ለሰመር ሊግ፣ ማለትም ኮሌጅ ሲዘጋ ለሚደረገው የቤዝቦል ውድድር፣ ሲጠራ እዚህ ያለው ቤተሰብ ግራ ይጋባል። ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። ወሩም ዓመቱም በፈረንጆች፣ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጾም ላይ ስንደርስ ወደራሳችን እንመለሳለን።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪና ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። ኖርዝዉድስ ከሚባል ሊግ፣ ዊስኮንሲን ካለ ቡድን ጥሪ ደረሰው። ወንድሜ «ደመወዝ የለውም፣ እንዲያውም ወጪ አለው፤ እርዱን» ሲለኝ ነገሩ አልጣመኝም። ማጭበርበር ይሆን? (አጎት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ማጭበርበር አይደለም። ኖርዝዉድስ በ1994 የተጀመረ፣ በዊስኮንሲን፣ በሚኒሶታ፣ በሚሺጋንና በአካባቢው ቡድኖች ያሉት ሊግ ነው። ደመወዝ የማይከፈለው ልጁ የኮሌጅ ተጫዋች ስለሆነ ነው፤ ለመጫወት ደመወዝ ቢቀበል በኮሌጅ ቡድን የመሰለፍ መብቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ቡድኑ በበኩሉ ትኬት፣ ቢራና ሆትዶግ ይሸጣል። «ልጁ ይለፋል፣ ሌላው ይበላል» ቢሉ አልተሳሳቱም። ልጁ የሚያገኘው ጨዋታ ነው፣ ያውም በገፍ፦ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ 72 ጨዋታ፣ በመሃሉ የሌሊት አውቶቡስ።

ከገንዘቡ በፊት ወንድምዎ የውሉን ዓይነት ይጠይቅ። ጠንካራ ኮሌጆች ውስጥ ያሉ ተጫዋቾች የአገር አቀፉ ውድድር ሳያልቅ አይመጡም፤ የመጨረሻው ዙር ኦማሃ በምትባለው ከተማ የሚጠናቀቀው በጁን መጨረሻ አካባቢ ነው። እነሱ እስኪደርሱ ክፍተቱን የሚሞሉ ልጆች በጊዜያዊ ውል፣ ለምሳሌ ለ10 ቀን፣ ይገባሉ። ባለቦታው ሲመጣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሸኛሉ። ይህን ሳያጣራ የኦገስት መመለሻ ትኬት የቆረጠ ሰው ገንዘቡን አቃጠለ ማለት ነው። ስለዚህ «ሙሉ ሰመር ነው ወይስ ጊዜያዊ?» የሚለው መልስ በጽሑፍ ይምጣ። የተሳትፎ ክፍያ የሚያስከፍሉ ቡድኖችም አሉ፣ የማያስከፍሉም አሉ። ጉዞው፣ የዕረፍት ቀን ምግቡና የኪስ ገንዘቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ክንዱ ነው። ፒቸር በጸደይ ለኮሌጁ ሲወረውር ከርሞ ነው የሚመጣው። የኮሌጁ አሰልጣኝ የኢኒንግ (ጨዋታው የሚከፈልባቸው ዙሮች) ጣሪያ፣ «ከ25 አይለፍ» እንደሚባለው ዓይነት፣ ለሰመሩ ቡድን በጽሑፍ መላክ አለበት። የቃል ከሆነ፣ ፒቸር ባነሰበት ምሽት ይረሳል። የክርን ጅማት ከተበጠሰ ቀዶ ሕክምናና ከአንድ ዓመት በላይ ማገገም ይከተላል። የቡድኑ ኢንሹራንስ ይሸፍን እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ ኢንሹራንስ ቀድሞ ይክፈል ወይስ ተከትሎ፣ አብሮ ይጠየቅ።

ምክራችንን ካሉ፣ በጸደይ ብዙ ያልተሰለፈ የአንደኛ ዓመት ልጅ በስም አይሳብ። እዚያው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ካል ሪፕከን የሚባለው የኮሌጅ ሊግ አለ፤ ሲልቨር ስፕሪንግም ቤተስዳም ቡድን አላቸው። ከቤቱ እየተመላለሰ ይጫወታል፣ የእናቱን እራት ይበላል፣ የእናንተም መዋጮ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰመሩን የማያውቃቸው ፈረንጆች ቤት ሊያሳልፍ ነው። የሰኔንም የፍልሰታንም ጾም ይጾማል። ምን ይበላል? (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አስተናጋጅ ቤተሰቦቹ አብዛኞቹ ቤዝቦል የሚወዱ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክፍል፣ ልብስ ማጠቢያና ፍሪጅ ይሰጡታል፤ ወጥ ቤትና ሹፌር ሊሆኑት ግን ግዴታ የለባቸውም። መኪና ከሌለው ወደ ሜዳ ማን እንደሚያደርሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ምግቡ ላይ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ጨዋታው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ ልጁ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ሜዳ ይገባል፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ይወጣል። ከጨዋታ በኋላ ቡድኑ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ፒዛ ወይም ሆትዶግ ነው፤ አይብና ሥጋ። የሚጾም ልጅ ያን ትቶ ባዶ ሆዱን ይተኛል፣ በሳምንቱ ኪሎው ይወርዳል፣ አሰልጣኙም «ደከመ» ብሎ ያስቀምጠዋል። መፍትሔው ከመሄዱ በፊት ለቤተሰቡ የሚላክ አጭር ደብዳቤ ነው። የማይበላውን (ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል) ብቻ ዘርዝሮ ከተወ ሰዎቹ ይጨነቃሉ፤ የሚበላውንም ይጻፍ፦ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ የለውዝ ቅቤ፣ ዳቦ፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ በውሃ የተሠራ አጃ። ቀኑንም ይንገራቸው፦ የሰኔው ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ማለትም ጁላይ 12፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ በዚያ ፀሐይ መሮጥ ግን አደገኛ ነው፤ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት።

ሽሮና በርበሬ ከዚህ አይላኩ፤ የሐበሻ ሱቅ ካለበት ከተማ ይዞ ይሂድ። ሽንኩርት ሲያቁላላ ደግሞ መስኮት ይክፈት፤ ቤቱ የሰው ነው።

በተማሪ ቪዛ ያለ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ቡድኖች ለሕፃናት ሥልጠና ሲያዘጋጁ ለተጫዋቾች ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ያ ሥራ ነው። የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳይጠይቅ አይቀበል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በኮሌጅ ከ10 ሙከራ ከ3 በላይ ይመታ ነበር። በሰመር 2 እንኳን አይሞላም። ምን ነካው? (ከለገሃር)

መልስ፦ በትሩ ተቀይሮበታል። ኮሌጅ በብረት በትር ይጫወታል፤ ትልልቆቹ የሰመር ሊጎች በእንጨት። ከእነሱ አንዱ፣ የማሳቹሴትሱ የኬፕ ኮድ ሊግ፣ ከ1985 ጀምሮ እንጨት ነው። ሁለቱም 33 ኢንች፣ 84 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእንጨቱ ክብደት ግን ወደ ጫፉ ያደላል፣ ኳሱን በደንብ የሚገፋው ቦታም ጠባብ ነው። እጀታው አጠገብ የተመታ ኳስ በብረት ተንሳፍፎ ከተከላካዮቹ ጀርባ ይወድቃል፤ በእንጨት በትሩ ይሰበራል፣ ኳሱም እየተንከባለለ ተከላካዩ እጅ ይገባል።

ሲመታ የፋብሪካው ምልክት ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ይሁን፤ ምልክቱ ያለበት ጎን ኳሱን ካገኘው በትሩ በደካማ ጎኑ ይመታል። ሜፕል ከሚባለው እንጨት የተሠራ በትር ሲገዛ እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ የቀለም ነጥብ ይይ፦ ቀለሙ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይፈሳል፣ ከእጀታው ጋር ቀጥ ካለ ጥሩ ነው፣ ካዘመመ ቶሎ ይሰበራል። ሦስት አራት በትር ይያዝ። እርጥብ ሣር ላይም ሆነ የጋለ መኪና ውስጥ አይተዋቸው። ለፕሮፌሽናል ቡድኖች ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎችም የእንጨቱን ለውጥ ያውቁታል፤ የጁንን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚያጣጥል የለም።

ጥያቄ፦ ጨዋታውን ከዚህ በስልክ ለማየት ስንት ሰዓት እንንቃ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ በሰመር ምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል በ7፣ ዊስኮንሲን በ8 ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ነው። ከምሽቱ 1፡05 የሚጀምር ጨዋታ ሜሪላንድ ከሆነ እዚህ ከሌሊቱ 8፡05፣ ዊስኮንሲን ከሆነ 9፡05 ነው። እንቅልፍ ለሚወድ አላስካ ይሻላል። ፌርባንክስ ላይ በየዓመቱ ጁን 21 ያለ መብራት፣ በእኩለ ሌሊት ፀሐይ የሚደረገው ጨዋታ በአካባቢው ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። እዚህ ሰኔ 15፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልክ ቡና ሲፈላ።