ጤፍ መቼ ልግዛ? ነቀዙን ምን ላድርገው? የአስቤዛ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አስቤዛ ናቸው፤ ዋጋ ሲረክስ ገዝቶ ስለ ማስቀመጥ። ጥያቄዎቹን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኳቸው። ደመወዝ ሳይጨመር ከቤት ወጪ ላይ የሚተርፍ ነገር ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ከዚሁ ነው። እኛ አገር ትልቁን ቅናሽ የሚያመጣው ወቅቱ ነው። ግን ወቅቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ቤታችሁ በወር ስንት እንደሚበላ ካልለካችሁ፣ የገዛችሁትንም ሳይበላሽ ማቆየት ካልቻላችሁ፣ በብዛት መግዛት ኪሳራ ነው። መልሶቼ በሙሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

«ጤፍ በኪሎ እየገዛሁ ተቸገርኩ። ጎረቤቶቼ ጥር ላይ በኩንታል ያስገባሉ። እኔ ያን ያህል ብር በአንድ ጊዜ አላገኝም። ምን ይሻለኛል?» (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአያት)

ጎረቤቶችሽ ልክ ናቸው። ጤፍ በአብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ተወቅቶ በብዛት ገበያ የሚወጣው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ገበሬውም እዳውን የሚከፍለው፣ ለቤቱ የሚያስፈልገውን የሚሸምተው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ብዙ ይሸጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጎተራው እየጎደለ፣ መንገዱም እየጨቀየ ይሄዳል። ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ሁሉም ዓመት አንድ ዓይነት አይደለም፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲጨምር ጥርም ላይ ሊወደድ ይችላል። ቢሆንም ሰው በተስፋ የሚጠብቀው ጊዜ ይኸው ነው።

ብሩን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እቁብ ነው። ከምታምኛቸው ጎረቤቶች ጋር ክረምት ላይ ተጀምሮ ጥር ላይ የሚያልቅ ትንሽ የጤፍ እቁብ ግቢ። እጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ሌላ ነገር ላይ እንዳያውለው፣ እዚያው ሰብሳቢው ዘንድ እንዲቆይ ተስማሙ። ሁለተኛው መካፈል ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ለአራት ቤት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 25 ኪሎ ይደርሳል፤ የመኪናና የተሸካሚም ለአራት ይከፈላል። በወለድ ተበድረሽ ግን አትግዢ። ያተረፍሽውን ወለዱ ይበላዋል።

ሂሳቡን ስትሠሪ የኩንታሉን ዋጋ ብቻ አትይ። መጓጓዣውን፣ ተሸካሚውን፣ ማበጠሪያውን ደምሪበት። ከዚያ የተረፈውን መዝኚ። ኩንታሉ ተበጥሮ 95 ኪሎ ከሆነ ድምሩን ለ95 አካፍዪው እንጂ ለ100 አይደለም። ያገኘሽውን የኪሎ ዋጋ በሰፈርሽ ሸማቾች ማኅበርና በእሁድ ገበያ ካለው ጋር አወዳድሪ። አንዳንዴ ሸማቾች ይረክሳል፤ ያኔ እዚያው ግዢ።

ስትገዢ ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ ዘግነሽ አትመኚ። ከመሃልም ከታችም አስወጪ። እፍኝ ጤፉን ነጭ ወረቀት ላይ በትኚና በጣትሽ ቀስ እያደረግሽ ግፊው። ጤፉ ይንሸራተታል፤ አፈሩና አሸዋው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ጥቂት ፍሬ በጥርስሽም ሞክሪ፤ አሸዋ ካለው ወዲያው ይንቀጫቀጫል።

ጤፍ ደግ እህል ነው። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይራባበትም፤ ከደረቀ ለዓመታት ይቆያል። ዱቄቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ለወር የሚበቃሽን ብቻ አስፈጪ። ጆንያውን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጪው፤ እንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጊው። የዱቄት ዕቃሽ ላይ የሞላሽበትን ቀን ጻፊ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞላሽ በኋላ ቤትሽ በዓመት ስንት ኩንታል እንደሚፈልግ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

«ለሽሮ የገዛሁትን ሽምብራና ባቄላ ነቀዝ ፈጀብኝ። ሱቅ ውስጥ የነቀዝ ክኒን አለ ብለውኛል። ጆንያው ውስጥ ባደርግ ምን አለበት?» (ከባሕር ዳር)

እባክዎ አያድርጉት። ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ትቼ ይህንን ብቻ ብመልስ ደስ ይለኛል።

ያ ክኒን አየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የተሠራው ሰው ለማይተኛበት ትልቅ መጋዘን፣ ለሠለጠነ ባለሙያ ነው። ጋዙ በበር ስንጥቅ አልፎ መኝታ ቤት ይገባል። ሰው ተኝቶ ሳለ ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻም የለውም። በተለይ እህሉ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ከተቀመጠ አደጋው የከፋ ነው። አስቀድመው ገዝተውት ከሆነ ውሃ አያስነኩት፤ ከቤት ያውጡትና ለግብርና ባለሙያ ያስረክቡ።

ያለ መርዝ ነቀዝን መከላከል ይቻላል። ነቀዝ እንደ እኛው አየር ይፈልጋል። ሦስት ድርብ ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፤ ፒክስ ይሉታል። ሐሳቡ የተጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ነው፣ ለአተር መሰል እህል ማቆያ። ዛሬ እኛም አገር ገበሬዎች ይጠቀሙበታል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ይጨርስና ያልቃል። ከረጢቱን ካላገኙ የታጠበና በደንብ የደረቀ ጀሪካን ይበቃል። እህሉን እስከ አፉ ጢም አድርገው ይሙሉት፤ ባዶ ቦታ ከቀረ አየር ቀረ ማለት ነው። ክዳኑ ሥር ላስቲክ አድርገው ያጥብቁት። ቢያንስ ለአንድ ወር አይክፈቱት።

ከሁሉ በፊት ግን እህሉ መድረቅ አለበት። እርጥብ እህል ታፍኖ ሲቀመጥ ይሻግታል። ጥቂት ኪሎ ብቻ ከሆነና ፍሪዘር ካለዎት፣ አራት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ቢያቆዩት እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ሌላው መፍትሔ ቶሎ ወደ ሽሮ መቀየር ነው። ታምሶና ተከክቶ የተቀመጠ እህል ላይ ነቀዝ እንደ ጥሬው አይበረታም።

«እናቴ ዘንድሮ በርበሬ ራስሽ አዘጋጂ ብላኛለች። ተፈጭቶ የተዘጋጀውን መግዛት አይቀልም?» (ከአዳማ)

ይቀላል። ግን እናትሽን ስሚ። ዛላ በርበሬ ከኅዳር ጀምሮ በብዛት ይወጣል። ማረቆ፣ አላባ፣ ቡሬ ስማቸው የታወቀው ለዚህ ነው። በተፈጨ በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር የቀላቀሉ ሰዎች በተደጋጋሚ ተይዘዋል። ዛላውን ስትገዢ ግን የምትገዢውን ታያለሽ።

አንዱን ዛላ አንሺና ጆሮሽ አጠገብ ነቅንቂው። ዘሩ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። እጠፊው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው። እንደ ቆዳ ከተለመጠ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ተርከፍክፎበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ። ላዩ ቀይና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ካለው ሻጋታ ነው፤ ተዪው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመርት ይችላል። ይህን መርዝ ፀሐይም፣ ማመስም፣ ወጥ ውስጥ ሰዓታት መንተክተክም አያጠፋውም። ርካሽ ነው ተብሎ የሻገተ በርበሬ አይገዛም።

ሲቀነጠስና ሲደርቅ ኪሎው እንደሚቀንስ አትርሺ። ኮረሪማው፣ አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ወፍጮው ሁሉ ይታሰብ። ከእህትሽ ወይም ከጎረቤት ጋር ብታዘጋጁት ወጪውም ድካሙም ይቀላል።

«እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ "አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ" ሲባል አላልፍም። ባለቤቴ ፍሪዘሩን ሞላሽው ይለኛል። የታተመው ቀን ካለፈስ ይጣላል?»

ከቀኑ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ምግብ ላይ የሚታተመው ቀን በአብዛኛው ጥራቱ እስከ መቼ ጥሩ እንደሚሆን የሚናገር ነው፤ ከዚያ በኋላ መርዝ ይሆናል ማለት አይደለም። የሕፃናት የጣሳ ወተት (ፎርሙላ) ግን ይለያል። እሱ ቀኑ ካለፈ በፍጹም አይሰጥም። ፍሪዘርሽ 0 ፋራናይት ላይ ከቆየ ደግሞ ሥጋው ለጤና አደጋ ሳይሆን ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እያደር የሚቀንሰው ጣዕሙ ነው።

ቅናሹን በተመለከተ፣ መደርደሪያው ላይ ከዋጋው ሥር በትንሹ የተጻፈውን የአንድ ፓውንድ ወይም የአንድ አውንስ ዋጋ አንብቢ። እውነቱ እሱ ላይ ነው። ሁልጊዜ የምትገዢያቸውን ዐሥር ዕቃዎች የተለመደ ዋጋ ስልክሽ ላይ ጻፊ። አለዚያ ቅናሽ የተባለው ቅናሽ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ቅቤ ታንክስጊቪንግና ገና ሰሞን አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ያኔ ገዝተሽ አንጥረሽ አስቀምጪ። ዶሮውን ለአንድ ወጥ በሚሆን መጠን ከፋፍለሽ፣ ቀን ጽፈሽበት አስገቢ። ሳይከፋፈል እንደ ድንጋይ የደረቀ አሥር ፓውንድ ሥጋ የሚያነሳው ሰው የለም።

ባለቤትሽም አልተሳሳተም። ፍሪዘሩ ውስጥ ያለውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት፤ ያወጣ ይሰርዝ። አዲስ ነገር የሚገባው ዝርዝሩ ሲያጥር ብቻ ይሁን።

«ሽንኩርት 20 ኪሎ ገዝቼ ግማሹ በሰበሰ።» (ከጅማ)

ምን ውስጥ እንዳስቀመጥከው አልነገርከኝም፤ በፌስታል ወይም በተዘጋ ማዳበሪያ ከሆነ መበስበሱ አይቀርም። ሽንኩርት አየር ይፈልጋል። ቅርጫት ወይም መረብ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ከድንችም ይለይ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ቶሎ ይበቅላሉ፣ ይበላሻሉ። ስትገዛ አንገቱ ቀጭንና ደረቅ የሆነውን ምረጥ። አንገቱ ወፍራምና እርጥብ ከሆነ ለዛሬ ወጥ እንጂ ለማቆየት አይሆንም።

በመስኖ የሚለማው የባቱና የመቂ ሽንኩርት በበጋ ይትረፈረፋል፤ ክረምቱ ሲገባ ይወደዳል፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ከክረምት በፊት በርከት አድርገህ ገዝተህ ቁሌት ሠርተህ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ትችላለህ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ግን በትንሹ ጀምር።

«ቅቤ በጾም ይረክሳል የሚባለው እውነት ነው?» (ከኮተቤ)

አዎ፣ በተለይ በሁዳዴ መሃል። 55 ቀን ሙሉ ብዙ ቤት ቅቤ አይገዛም። እንቁላልም እንደዚያው። ወደ ፋሲካ ሳምንት ሲቃረብ ግን ዋጋው ይሰቀላል፤ ስለዚህ በጾሙ አጋማሽ፣ በደብረ ዘይት በዓል ሰሞን ግዙና አንጥሩት። ዝናብ ካለፈ በኋላ ሣር ስለሚበዛ መስከረምና ጥቅምትም ጥሩ ናቸው፤ የመስቀል ሰሞኑን ብቻ ዝለሉት። ስትገዙ ከመሃሉ ቆንጥራችሁ መዳፋችሁ ላይ አቅልጡት። ሽታው የቅቤ ካልሆነ አትውሰዱ። ነጥሮ፣ ውሃው ጨርሶ ወጥቶለት፣ ደረቅ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ቅቤ ለወራት አይበላሽም። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት።

«ዘይት ሊጠፋ ነው ሲባል አምስት ጀሪካን ገዛሁ። እህቴ ይህ ሰው ላይ መጨከን ነው አለችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?» (ከጎንደር)

እህትሽ ያየችው ነገር አለ። ጥር ላይ ጤፍ ማስገባት ማንንም አይጎዳም፤ ገበያው ሞልቷል፣ ገበሬውም ገዢ ይፈልጋል። ወሬ ሰምቶ ተሰልፎ መደርደሪያውን ባዶ ማድረግ ግን ሌላ ነው። ዋጋውን የሚሰቅለው ራሱ ሽሚያው ነው፤ የሚጎዳውም በሌትር የሚገዛው ነው። እቃ ሲጠፋ ለወሩ የሚበቃሽን ብቻ ግዢ። በርከት ማድረግ ካሰብሽ ገበያው ሲረጋጋ ይሁን።

አሁን የገዛሽውን ግን አታባክኚው። ያልተከፈተውን ከምድጃና ከፀሐይ አርቀሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪ። ቀኑን አንብበሽ መጀመሪያ የሚያልፍበትን ከፊት አድርጊ። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አረጋግጪ፤ ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተከፈተው ዘይት እንደ ቀለም መሽተት ከጀመረ አታብስዪበት። ከአምስቱ አንድ ሁለቱን ደግሞ ለሚፈልግ ጎረቤት በገዛሽበት ዋጋ ልቀቂለት።