የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮሮና ወይስ የኮሮና ሰበብ?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በሀገራችን በኮቪድ-19 ሞቱ ተብለው በይፋ የተመዘገቡት ሰዎች ከ7,500 ብዙም አይበልጡም። ሆኖም ምርጫው የተራዘመው በኮሮና ነው፣ ልጆቻችን ከትምህርት የተስተጓጎሉት በኮሮና ነው፣ እዚህ ሐዋሳ ፋብሪካው ሠራተኛ የቀነሰው በኮሮና ነው፣ ሀገሪቱ ዕዳዋን መክፈል ያቃታት በኮሮና ነው ሲባል ዓመታት አለፉ። ይህ ሁሉ በእርግጥ ከበሽታው የመጣ ነው? ወይስ ሌላው ጉድለት ሁሉ በበሽታው ስም ተሸፍኖ ቀረ?
(አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ በቅድሚያ ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር እንበል። የጠቀሱት አኃዝ ተመርምረው በሽታው የተገኘባቸውን ሟቾች ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ ሳይመረመሩ በቤታቸው ያረፉትን አይጨምርም፤ ስለዚህ የጉዳቱ ዝቅተኛ ወለል ተደርጎ ቢወሰድ ይሻላል። ለዋናው ጥያቄዎ የምንሰጠው መልስ ደግሞ፣ በሽታው ክፉኛ የጎዳው አስቀድሞ መፈናፈኛ ያልነበረውን ነገር ነው የሚል ነው። ይህም ከሁሉ ይልቅ በምርጫው ጉዳይ በግልጽ ይታያል።

የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ የምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 ታቅዶ የነበረውን ጠቅላላ ምርጫ ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። በሀገራችን ምርጫ በግንቦት መካሄዱ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ የዚያ ዓመቱ በክረምት አጋማሽ እንዲሆን የተቆረጠው ኮሮና ከመግባቱ አስቀድሞ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ደግሞ አዲሱ ምርጫ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት እንዲጠናቀቅ ያዝዛል። የሥራ ዘመኑ የሚያበቃው በመስከረም መጨረሻ ስለነበር፣ ነሐሴ 23 ከዳር የቆመ ቀን ነበረ ማለት ነው፤ የጥቂት ሳምንታት መሰናክል እንኳ ቢገጥም ወደ ኋላ የሚገፋበት ቦታ አልነበረውም። የገጠመው ግን ወረርሽኝ ሆነ።

መንግሥት አራት አማራጮችን አቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ወይም ማስተርጐም። የተመረጠው አራተኛው ነበር። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን ፊት አስቀርቦ አከራከረ። ለብዙ ዜጋ ስለ ምርጫ፣ ስለ ምክር ቤቱ የሥራ ዘመንና ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚደነግጉት የአንቀጽ 54፣ 58 እና 93 ይዘት የቤት ወሬ የሆነው ያን ጊዜ ነው፤ ይህን እንደ ወረርሽኙ ትሩፋት የሚቆጥሩ ቢኖሩ አንቃወምም። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሥልጣን ላይ ያሉት ምክር ቤቶች እንዲቀጥሉ፣ ምርጫውም ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ሥጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ እንዲካሄድ ወሰነ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ከውሳኔው ሁለት ቀን ቀደም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። «ከመስከረም 30 በኋላ ሕጋዊ መንግሥት የለም» የሚለው ሐረግ የተቃዋሚዎች መፈክር ሆነ፤ ትግራይ ክልልም ውሳኔውን ሳይቀበል ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ። የፌዴራሉና የክልሉ መንግሥታት እርስ በርስ «ሕጋዊ አይደለህም» ተባባሉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ተከፈተ።

ጦርነቱን ኮሮና አመጣው የሚል ሰው ቢገጥምዎ አይቀበሉት። የፖለቲካው ቁርሾ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠራቀም የቆየ ነው። ወረርሽኙ ያደረገው በምርጫ ሣጥን ሊፈተሽ ይችል የነበረውን ጠብ ወደ ሕጋዊነት ክርክር ማሸጋገር ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ክርክር ደግሞ ሁለቱም ወገን አንቀጽ ስለሚጠቅስ፣ ሁለቱም የሚቀበሉት ዳኛ ከሌለ መቋጫ አይገኝለትም። ጠቅላላ ምርጫው በመጨረሻ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር፤ ያኔም በትግራይ ድምፅ አልተሰጠም።

ወደ ከተማዎ ስንመለስ፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፋ የነበረው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ነው። በዚያ ያሉ መደብሮች ሲዘጉ ትእዛዝ ተሰረዘ። በሽታውን ለመከላከል በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ የወጣው ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ቢከለክልም፣ በአነስተኛ ደመወዝ የቤት ኪራይና ቀለብ በጋራ ይሸፍኑ የነበሩ ወጣት ሴቶች ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደየገጠራቸው ተመልሰዋል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት ሀገር፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ቁጠባ ከዚህ ደመወዝ ይተርፋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አበባ አምራቾችም በዚያው ሰሞን የአውሮፓ ገበያቸው ስለወደቀ የቆረጡትን አበባ እስከ መጣል ደርሰዋል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተጓዥ ገቢው ክፉኛ ቢያሽቆለቁልም፣ አስቀድሞ የጭነት አውሮፕላኖችና ሰፊ የካርጎ ተርሚናል ስለነበሩት፣ ከ20 በላይ ከሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር እየነቀለ የሕክምና ቁሳቁስ በመጫን የመንግሥት ድጎማ ሳይጠይቅ ወቅቱን ተሻግሯል። በሽታው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የነበረው አማራጭ ነው።

የዕዳው ነገር ረዘም ያለ ነው። የቡድን 20 ሀገሮች በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ለድሃ ሀገሮች የዕዳ ክፍያ በጊዜያዊነት እንዲቆም ተስማሙ፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ዕዳን እንደገና ለማደራጀት የጋራ ማዕቀፍ የተባለውን አወጡ። ኢትዮጵያም በጥር 2013 ዓ.ም. በዚህ ማዕቀፍ ለመጠቀም እንደምትፈልግ ስታሳውቅ በ2007 ዓ.ም. የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች የሚሸጥ የብድር ሰነድ) ዋጋ ወዲያው ወረደ። ድርድሩ በጦርነቱ ምክንያት ተጓተተ፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የቦንዱ የወለድ ክፍያ የሆነው 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ቀረ። እዚህ ላይ ኮሮናን ብቻ መክሰስ ተገቢ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ቀድሞም የነበረ ሲሆን የጦርነቱም ወጪ ከባድ ነበር።

ስለ ትምህርት ባጭሩ፦ ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የቴሌግራም ትምህርት ቢጀመርም መብራት በሌለበት ገጠር ሊደርስ አልቻለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ብዙዎች ኮሮናን ጠቅሰዋል። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ 10ኛ ክፍል ስለነበሩ አባባሉ መሠረት አለው፤ ነገር ግን የዚያ ዓመት ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠ በመሆኑ፣ ውጤቱ ከወረርሽኙ በፊትም የነበረውን ድክመት ጭምር ሳይገልጥ አልቀረም።

ጥያቄ፦ ዓለም በሩን በዘጋበት በ2012 ዓ.ም. ከዓረብ ሀገር ሠራተኛው በገፍ እንዲመለስ የተደረገው ለምን ነበር?
(አንባቢ፣ ከጂዳ)

መልስ፦ ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ኢትዮጵያውያን መመለስ የጀመረችው በኮሮና አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160,000 በላይ ሰዎች ተመልሰዋል። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መግቢያ 2012 ዓ.ም. በተከታታይ በረራዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲላኩ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህን የመሰለ የጅምላ ጉዞ በሽታውን ያስፋፋል በማለት እንዲቆም ጠየቀ። ተመላሾቹም ለለይቶ ማቆያነት በተዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲቆዩ ተደረገ። በረራው ሲቀንስ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በጂዛንና በሌሎች ማጎሪያዎች ተጨናንቀው ለወራት ቆዩ። በቤይሩት የተለየ ነገር ታየ፦ የሊባኖስ ገንዘብ በመውደቁ ደመወዝ በዶላር መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ከኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። በዚያን ጊዜ በሁለቱም ሀገር «ከፋላ» የሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስር ስለነበር፣ ሥራዋን ያጣች ሴት በሕጋዊ መንገድ የመኖር መብቷንም በዚያው ታጣ ነበር።