ጥያቄና መልስ፦ በአይኤልኤስ ስንወርድ ከሌላ አውሮፕላን ጋር እንዳንጋጭ

ካፒቴን፦ የመሣሪያ በረራ አስተምራለሁ። ዛሬ የምመልሰው አንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ በአይኤልኤስ (በሬዲዮ ምልክት ወደ መንደርደሪያው በሚመራን መሣሪያ) እየወረድን ሳለ ሌላ አውሮፕላን ሲገጥመን፣ በተለይ የመቆጣጠሪያ ማማ በሌለበት ሜዳ። ጠይቁ።

ጀማሪው፦ ካፒቴን፣ የአይኤፍአር (በመሣሪያ የመብረር ሕግ) ክሊራንስ (የተቆጣጣሪ ፈቃድ) ከያዝኩ ተቆጣጣሪው ከሁሉም አውሮፕላን ይለየኝ የለም እንዴ?

ካፒቴን፦ አይለይህም። ክፍል ኢ በተባለው ቁጥጥር ያለበት የአየር ክልል ውስጥ የሚለይህ ከሌላ አይኤፍአር ብቻ ነው። ስለ ቪኤፍአር (በዓይን እያየ ስለሚበር አውሮፕላን) ከቻለ ይነግርሃል፣ ካልቻለ አይነግርህም። ብዙ ሰው ክሊራንሱን ሲቀበል ሰማዩ በሙሉ የተጠረገለት ይመስለዋል። ክሊራንስ ከቪኤፍአር አይጠብቅህም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ነጭ ደመና፦ አደጋው በትክክል የቱ ጋ ነው?

ካፒቴን፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የተለመደው ግላይድ ስሎፕ (የመውረጃው መስመር) 3 ዲግሪ ነው፤ በአንድ ኖቲካል ማይል ወደ 320 ጫማ ያወርዳል። እንግዲህ አስላው፤ ከመንደርደሪያው 3 ማይል ስትርቅ ከሜዳው በላይ 1,000 ጫማ ገደማ ላይ ነህ። የሰርኪት (አውሮፕላኖች ሊያርፉ ሜዳውን የሚዞሩበት መስመር) ከፍታም በአብዛኛው ቦታ 1,000 ጫማ ነው። ስለዚህ ሰርኪቱን ሰፋ አድርጎ ቤዝ (ወደ መንደርደሪያው ከመታጠፉ በፊት ያለው ጎን) ላይ ያለ ተማሪ እና አንተ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ከፍታ ላይ ትገናኛላችሁ። ደመናው 1,200 ጫማ ላይ ካለቀ ደግሞ ዓይንህ ከመርፌዎቹ ተነቅሎ ወደ ውጭ የሚዞረው በዚያው ቅጽበት ነው። እሱም ከደመና ውስጥ ትመጣለህ ብሎ አያስብም።

ክንፍም አለ። አንተ ክንፉ ከታች በሆነ አውሮፕላን ከላይ ትወርዳለህ፤ እሱ ክንፉ ከላይ በሆነ አውሮፕላን ከታችህ አለ። ያንተ ክንፍ እሱን ይሸፍንብሃል፣ የእሱ ክንፍ አንተን ይሸፍንበታል። ሁለታችሁም እያያችሁ አትተያዩም።

እና አንድ ነገር ያዝ፦ በመስታወቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ያልፍሃል። ቦታውን ሳይለቅ እየተለቀ የሚመጣው ነው የሚገጭህ። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ስሌት፣ አይቶ፣ ተረድቶ፣ ወስኖ አውሮፕላኑ እስኪዞር 12.5 ሰከንድ ይላል። በ240 ኖት ከተቀራረባችሁ በዚያ ጊዜ ከ0.8 ማይል በላይ አልቋል።

ጀማሪው፦ ታዲያ በሬዲዮ ምን ልበል?

ካፒቴን፦ እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። «የፋይናል አፕሮች ፊክስን አለፍኩ» ወይም የፊክሱን (በመሣሪያ ቻርት ላይ ያለ፣ የመጨረሻው መውረድ የሚጀምርበት ነጥብ) ስም ብቻ መጥራት ለሰርኪቱ ተማሪ ምንም ማለት አይደለም። የመሣሪያ ቻርት በእጁ የለም፤ ሊኖረውም አይገባም። ርቀት፣ አቅጣጫ፣ ከፍታ፣ ሐሳብ ንገረው። «ከሜዳው በስተምሥራቅ 5 ማይል፣ 1,600 ጫማ፣ ቀጥታ ወደ መንደርደሪያ 27፣ ሳላርፍ ወደ ሰሜን እወጣለሁ።» በቃ። 3 ማይል ላይ ድገመው።

ሁለተኛው ስህተት ሰዓቱ ነው። የራዳር ተቆጣጣሪው ሜዳው ጋ እስክትቃረብ በራሱ ፍሪኩዌንሲ ሊያቆይህ ይችላል። ሁለተኛው ሬዲዮህ ላይ የሜዳውን ፍሪኩዌንሲ ከ10 ማይል ጀምረህ አዳምጥ፤ ማን የት እንዳለ ሳትናገር ታውቃለህ። ለቀቅ እንዲያደርግህም ቀደም ብለህ ጠይቅ። አንዳንዱ ግን ሬዲዮም የለውም፤ ዝምታ ባዶ ሰማይ ማለት አይደለም።

ታብሌት፦ የትኛውን የኤዲኤስ-ቢ (አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ የሚያሰራጩበት ሥርዓት) መቀበያ ልግዛ?

ካፒቴን፦ የዕቃ ምክር አልሰጥም። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ሊዘገይ ይችላል፣ መሣሪያው የሌለው አውሮፕላን ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ወደ ውጭ እይ።

ቀኝ ወንበር፦ ዋናው ችግር በአይኤልኤስ ቀጥታ እየገቡ ሰርኪቱን የሚያቋርጡት ናቸው። እንደ ሁሉም ሰው ተሰልፈው ይግቡ።

ነጭ ደመና፦ በደመና ስር እንዴት ብሎ ነው የሚሰለፈው? ደግሞም ፋይናል (ወደ መንደርደሪያው ቀጥ ያለው የመጨረሻ መስመር) ላይ ያለ ቅድሚያ አለው።

ቀኝ ወንበር፦ ቅድሚያ ማለት ሰው ፊት መግባት ማለት አይደለም!

ካፒቴን፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ፋይናል ላይ ያለ ቅድሚያ አለው፤ ዝቅ ያለም ከፍ ካለው ይቀድማል፤ ግን ሕጉ ራሱ ያንን ተጠቅሞ ሰው ፊት መግባትን ይከለክላል። በልምምድ ላይ ከሆንክና ሰርኪቱ ከሞላ ቅድሚያህን ትተህ ውጣ፤ ሌላ ጊዜ ትደግመዋለህ። ማንም ያላነሳው የባሰ ነገር አለ። በብዙ ሜዳ አይኤልኤስ ያለው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። ነፋሱ ከጀርባህ ከሆነ ሰርኪቱ በተቃራኒው ጫፍ እየሠራ ነው፤ አንተ ወደ 27 ስትወርድ ሌላው ከ09 (ከዚያው መንደርደሪያ ተቃራኒ ጫፍ) ተነስቶ ፊት ለፊት ይመጣል። ያን ቀን እስከ ሚኒመም (የአይኤልኤሱ የመጨረሻ ዝቅተኛ ከፍታ) አትውረድ፤ ከሰርኪቱ በላይ ሳለህ አቋርጥና ወደ የት እንደምትታጠፍ ተናገር።

ማማው፦ ካፒቴን፣ ቲካስ (ግጭት ሲቃረብ የሚያስጠነቅቅ የአውሮፕላን መሣሪያ) ያለው ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል? ለማንኛውም የመጨረሻው ቃል የተቆጣጣሪው ነው።

ነጭ ደመና፦ እንዴት እንዲህ ትላለህ? እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን፣ ዩበርሊንገን ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ሲጋጩ ቱፖሌቩ የቲካሱን «ውጣ» ትቶ የተቆጣጣሪውን «ውረድ» ስለሰማ አይደል 71 ሰው ያለቀው?

ካፒቴን፦ ነጭ ደመና ትክክል ነው፤ አርኤ (የቲካስ የማምለጫ ትእዛዝ) ከመጣ አርኤውን ተከተል፣ ክርክር የለውም። ግን ከርዕሱ ወጣችሁ፤ ያ በጉዞ ከፍታ የሆነ ነው። ቲካስ ከመሬት 1,000 ጫማ ገደማ በታች የማምለጫ ትእዛዝ አይሰጥም። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ዋሽንግተን ላይ ለማረፍ የተቃረበ ሲአርጄ 700 የመንገደኞች ጄት ከወታደራዊ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ 67 ሰው ሲሞት «ትራፊክ» የሚል ድምፅ ነበር፤ ትእዛዝ ግን አልነበረም። ከፍታው ዝቅ ብሏልና። የመጨረሻው 3 ማይል ላይ የቀረህ ዓይንና ሬዲዮ ነው።

እንግዳ፦ በአጠቃላይ ግጭትን እንዴት መከላከል ይቻላል?

ካፒቴን፦ ከላይ ያለውን አንብብ። «በአጠቃላይ» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። የትኛው ሜዳ፣ ማማ አለው የለውም፣ ደመናው ስንት ጫማ ነው፤ ይህን ይዘህ ተመለስ።

ጀማሪው፦ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ሁድ (ወደ ውጭ እንዳላይ የሚጋርድ ቆብ) አድርጌ ስለማመድስ? ክሊራንስ ካለኝ…

ካፒቴን፦ ክሊራንስ ከቪኤፍአር አይጠብቅህም! ጥርት ያለ ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚበርበት ቀን ነው። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1978 ሳንዲያጎ ላይ የሆነውን ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያውቁት አደርጋለሁ። አንድ ሴስና 172 ከመምህር ጋር የአይኤልኤስ ልምምድ አድርጎ እየወጣ ነበር፤ ከተሰጠው አቅጣጫም ወጣ ብሎ ነበር። የፒኤስኤ አየር መንገድ ቦይንግ 727 ሊያርፍ ከኋላው መጣ። የ727ቱ ሠራተኞች ትራፊኩን አየነው ብለው ነበር፤ ከዚያ ጠፋባቸው፤ መጥፋቱን ግን ለተቆጣጣሪው በግልጽ አልነገሩትም። 144 ሰው ሞተ፤ ሰባቱ መሬት ላይ የነበሩ ናቸው። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር።

ስለዚህ ሁድ ያደረገው መርፌውን ይይ፤ ጎኑ ያለው ሴፍቲ ፓይለት ግን ሥራው ውጭ ነው። ቻርት አያነብም፣ ግላይድ ስሎፕ አያርምም። «አየሁት» ካልክ በኋላ ከጠፋብህ ወዲያው «ጠፋብኝ» በል።

እንግዳ፦ ማማ የለውም፣ ደመናው 1,500 ጫማ ነው። ሰርኪቱ ውስጥ ሁለት አውሮፕላን ሰማሁ። ሳላርፍ ልወጣ ብፈልግ መቼ ልታጠፍ?

ካፒቴን፦ አሁን ጠየቅህ። መውጣት ቀደም ብለህ ትችላለህ፤ መታጠፍ ግን ሚስድ አፕሮች ፖይንቱን (ካላረፍክ መውጣት ያለብህን ነጥብ) ካለፍክ በኋላ ነው። ከደመና ስር ከሆንክ ከመታጠፍህ በፊት አንዱ ዳውንዊንድ (ከመንደርደሪያው ትይዩ ያለው የሰርኪቱ ጎን) ላይ በየት በኩል እንዳለ በጥሪ ስሙ ጠይቀው፤ አይቼሃለሁ እስኪልህም ቀጥ ብለህ ሂድ። ሁለተኛውንም እንደዚሁ።